አሥራ አምስት ግራም

ጋሽ ተሰማ ደግ ሰው ናቸው። ወይንሸትን ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑማ ኖሮ እንደ ልቧ ትጮህባቸው ነበር።

በስደት ባሉበት አገር፣ ሶባ ዳር ባለው ላቦራቶሪ የእንጆሪ ቡቃያ የሚያድገው ጀርም እንዳይገባበት በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳር ገብቶበት በረጋ ምግብ ላይ ነው። ወይንሸት ሦስት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች፤ ያስቀጠሯት ዘበኛው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁን፣ ሙዲር አብዱልወሃብን፣ ለምና ለምና ሐሳቧን የምትሞክርበት ስልሳ ጠርሙስ የያዘ አንድ መደርደሪያ ተፈቀደላት።

"ለአንድ ሊትር ሠላሳ ግራም ስኳር ይበዛል" ብላ ነበር የተከራከረችው። "ጉርሻ የለመደ ቡቃያ አፈር ላይ ሲወጣ ይሞታል። አሥራ አምስት ይብቃው፤ ቅጠሉ ሠርቶ መብላት ይልመድ።"

ከተሳካላት ባለሙያ ልትባል፣ ካልተሳካላት ወደ ማጠቢያዋ ልትመለስ ተስማሙ።

የእሷ ቡቃያዎች ታዲያ ከሌሎቹ ቀጠን፣ አጠር ያሉ ሆኑ። ጋሽ ተሰማ ባዩዋቸው ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

"መስኪን! ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምነው እነዚህን ብቻ አስራብሻቸው?"

"እየጾሙ ነው ይበሉ፣ ጋሼ። ብቻ እንዳይነኩብኝ።"

"ጾምም እኮ ይፈታል።"

ስንቴ አስረዳቻቸው! ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነባት።

ሙዲሩ ውጤቱን ሊያይ በቀጠረበት እሑድ ጠዋት ስትገባ፣ ስልሳውም ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ፣ ውስጡ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ጠበቃት። ጋሽ ተሰማ ከበሩ ሆነው ፈገግ አሉ።

"ጠገቡልሽ? ሐሙስ ሰው ለዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ሲወጣ ከራሴ የሻይ ስኳር አንዳንድ ማንኪያ ጣል አደረግኩላቸው።"

የአራት ወር ልፋቷ! ልትጮህባቸው አፏን ስትከፍት የሙዲሩ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ጋሽ ተሰማ በሩን ሊከፍቱ ሮጡ።

ሙዲሩ ጠርሙሶቹን አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ማነው የከፈታቸው?"

እውነቱን ብትናገር ሽማግሌው ዛሬውኑ ይባረራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል? እንዲያ ተናዳባቸውም አንጀቷ አልቆረጠም።

"እኔ ነኝ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

"ኸላስ፣ አበቃ። ወደ ማጠቢያሽ።"

ከሰዓት በኋላ ሻጋታውን እየፋቀች ሳለ ጋሽ ተሰማ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። የተደፉትን ቡቃያዎች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሞቱ፣ አይደል? ዘግይቼ ነው የደረስኩላቸው። አንቺም በስስትሽ ሹግልሽን፣ ያን የባለሙያ ሥራ፣ አጣሽ፤ ወላሂ፣ ነግሬሽ ነበር።"

ወይንሸት የቧንቧውን ውሃ እስከ ጥጉ ከፈተችው።