ስምንት ጊዜ እምቢ ያለው አባቴ

«ማድሪድ እንዴት ነበረች?» ይሉኛል የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ። እኔ ምን አውቃለሁ! ሦስት ቀን ነው የቆየሁት። ቤተ መንግሥቱን አላየሁም፣ ሙዚየም አልገባሁም፣ አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም። የሄድኩት አባቴን አንድ ነገር ልጠይቀው ነበር፤ ትፈልገናለህ ወይስ አትፈልገንም?

አባቴ ካሜን ከቡልጋሪያዋ ከተማችን ከቪዲን ወጥቶ ለግንበኝነት ስፔን ሲሄድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በኋላ ለገናና ለፋሲካ ብቻ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሊዩበን የሚባል የሥራ ጓደኛው ከቫሌንሲያ ደወለ። አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ አንደበቱም ተይዟል፤ ማድሪድ ውስጥ አንድ መጦሪያ ቤት አስገብተውታል። ሊዩበን ራሱ ሄዶ አላየውም፣ በስልክ ነው የሰማው።

«ቤተሰብህን እንጥራልህ ወይ ሲሉት እምቢ አለ አሉኝ» አላት እናቴን። «ምን ላድርግ ስቶያንካ፣ የነገሩኝን ነው የምነግርሽ።»

እናቴ ስልኩን ዘጋችና ድንች መላጧን ቀጠለች። «ደግ አደረገ» አለች። «እኔስ መች ልምጣ አልኩት!»

ሄጄ ልየው ስላት አልከለከለችኝም። ግን ከእናቴ ቤት ማንም ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን አንድ ጠርሙስ የበርበሬ ድልህ እንኳ አልሰጠችኝም። የተሰለፉት ጠርሙሶች እዚያው መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ እሷም ታያቸዋለች፣ እኔም አያቸዋለሁ። ከስድብ ይልቅ እሱ አሳመመኝ።

ማድሪድ ጠዋት ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከተማዋ አናደደችኝ። ሽማግሌዎቹ ክራቫት አስረው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ የልጅ ልጆቻቸው ትከሻቸው ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ሴት ልጆቻቸው ክንዳቸውን ይዘው መንገድ ያሻግሯቸዋል። አንድ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይጨምራል። የራበኝ ስለነበር ዳቦ ቤት ገባሁ። ስፓኒሽ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ መግባባት አያቅተኝም። ሻጯ «ፌስታል ልስጥሽ?» ስትለኝ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩላት። ትኩሱን ዳቦ እንዲሁ እጄ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ምን ዓይነት ባለጌ ናት ብዬ፣ እጄ እየተቃጠለ ወጣሁ።

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀበለችኝ ነርስ ኤንካርና ትባላለች። መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የምትል ሴት ናት። የአባቴን ፋይል ከፍታ አሳየችኝ።

«ልጄ፣ አንጀቴን ነው የምትበዪው፣ ግን እሱ ሳይፈቅድ ላስገባሽ አልችልም። ቤተሰብህን እንጥራ ወይ ብዬ በየሰኞው ራሴ ጠይቄዋለሁ። ስምንት ሰኞ፣ ስምንት ጊዜ እምቢ አለ። የፊታችን ሰኞ ሌላ ክፍለ ሀገር ወዳለ፣ ዘመድ የሌላቸው ወደሚኖሩበት ቤት ይዛወራል።»

«ስምንቴ?»

«ስምንቴ። ያውም አጥብቆ፣ ትራሱ እስኪወድቅ ድረስ።»

ወንበሩ ላይ ተዘረፈጥኩ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የናፈቅነው እኛ ብቻ ነን! ኤንካርና ውሃ ቀዳችና «ትጠጫለሽ?» አለችኝ። ራሴን ወዘወዝኩ። ብርጭቆውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

«ለምን መለስሽው?»

«እምቢ አልሽ እኮ።»

«እኔ? መቼ?»

«አሁን! ራስሽን ወዘወዝሽ።»

ያ ፌስታል የተከለከልኩበት ዳቦ ትዝ አለኝ። እኛ ቡልጋሪያዎች ራሳችንን ግራና ቀኝ ስንወዘውዝ «አዎ» ማለታችን ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስንነቀንቅ ደግሞ «አይ»። ሌላው ዓለም በተቃራኒው እንደሆነ በወሬ አውቃለሁ፤ አንገቴ ግን አያውቅም።

«አባቴ እምቢ ያለው እንዴት አድርጎ ነው? አሳዪኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ኤንካርና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ፊቷ አመድ መሰለ። ቆይታ ግን «ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሯል። የኛን ለምዶ ቢሆንስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ነይ፣ ራስሽ ጠይቂው» ብላ ተነሳች፤ ተከትያት ገባሁ።

አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ ያልነካው ቡና በወተት ቀዝቅዟል። ሲያየኝ ግራ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንዳላቅፈው ታገስኩ፤ መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ።

«አባዬ፣ ስምህ ካሜን ነው?» አልኩት በቋንቋችን።

ልጅቷ አበደች እንዴ በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ቤታችን ሶፊያ ነው?»

ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ።

«ከኔ ጋር ወደ ቤት ትሄዳለህ?»

ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ፣ ትራሱ መሬት እስኪወድቅ ድረስ ወዘወዘ። ትራሱን ማን ያነሳዋል! ተንበርክኬ ጉልበቱን አቀፍኩት፤ በደህና እጁ ጸጉሬን ያዘ፣ አልለቅም አለ።

«ቡና በወተት ላምጣልህ ስለው ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቅልኝ ነበር» አለች ኤንካርና ከበሩ ላይ።

«አባቴ ወተት ነክቶ አያውቅም» አልኳት።

በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «ያምሃል ወይ እያልኩም እጠይቀው ነበር» አለች። ምን ብሎ እንደመለሰላት አልጠየቅኳትም። ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እና? ምን አለ?»

አዎ አለ፣ አይ አለ ማለቱን ፈራሁት። ያደረገውን ብቻ ነገርኳት። «ስምንት ሰኞ ጠየቁት። ቤተሰብህን እንጥራ ወይ ሲሉት ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።»

ለሊዩበንም ለእኛም የደረሰው እምቢ አለ ተብሎ የተተረጎመው ቃል ብቻ ነበር። ራሱን ወዘወዘ ብሎ የነገረን አንድ ሰው ቢኖር፣ እናቴ በዚያው ቀን በእግሯም ቢሆን ትነሳ ነበር።

«ወይኔ ካሜን» አለች። «እኔ ደግሞ ደግ አደረገ አልኩ።»

ስታለቅስ ሰማኋት። አባቴም ይሰማት ዘንድ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። መልሼ ስወስደው አሁንም ታወራለች።

«ያን በርበሬ» ትላለች፣ «ምነው ያን በርበሬ በሰጠሁሽ!»