የከፋዩ ጀርባ

የዲዛይን መምህራችንን ከኋላዋ «መቀሷ» እንላታለን። ያልወደደችውን ስፌት አትሳደብበትም፤ ቀሚሱ ሰው ላይ እንዳለ መቀሱን ለሰፋው ተማሪ ትሰጥና «ፍታው» ትላለች። በመጨረሻው ፈተና ደግሞ የፈታውን እስከ አስራ አንድ ሰዓት መልሶ ያልሰፋ ዓመቱን ይደግማል።

የኔን ቀሚስ ለብሳ የምትታየው እናቴ ናት። ከፋዩም የእሷ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የገዛላት፣ ሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ የተኛ ጨርቅ። «ላንቺ እጅ ካልሆነ ለማን?» ብላ ሰጠችኝ።

ጠዋት ፈተና ክፍሉ መስኮት አጠገብ ቆማ በብርሃኑ አየኋት። የቀሚሱ ፊት ጥቁር ሰማያዊ፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ የሌላ ሰው ቀሚስ ይመስላል። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ቁራጩ ሁሉ ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተኛ መቆረጥ አለበት። አውቅ ነበር። ግን የጀርባውን ቁራጭ ቁልቁል ብገለብጠው ጨርቅ ይተርፈኛል፤ በክፍሌ ደብዛዛ መብራት ደግሞ ልዩነቱ አልታየኝም።

«ምነው ላብ አጠመቀሽ? አይዞሽ፣ ያምራል እኮ!» አለችኝ እናቴ።

ከእኛ በፊት ያለችው ልጅ እያለቀሰች እጅጌ ትፈታለች። መቀሷ እናቴን ዞር በይ እንዳትላት ብቻ እያልኩ እጸልያለሁ።

«እስቲ ዞር ይበሉልኝ፣ እናቴ» አለች መቀሷ። የፈሩት ይደርሳል።

መዳፏን በጀርባው ላይ ወደ ታች አሳለፈች፤ ጠጉሩ ቆመባት። መቀሱን ዘረጋችልኝ።

«ጀርባው ተገልብጧል፤ ፍቺው። ትራፊ ካለሽ ጀርባውን እንደገና ትቆርጫለሽ። ከሌለሽ ታውቂዋለሽ።»

«ምን ይተርፋታል ብለው ነው?» አለች እናቴ። «ልጄ ብጣሽ አታባክንም። እንዲበቃኝ ብላ ነው የገለበጠችው፤ ጥፋቱ የኔ ውፍረት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ከፋይ ተጠቅልሏል፤ ለራሴ ጉርድ ቀሚስ ልክ ያወጣሁበት ወረቀት በመርፌ ተሰክቶበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ ዓመቴ ይሄዳል፤ ከተናገርኩ እናቴ ታውቃለች። ከመቀሷ ይልቅ እሷን ፈራሁ።

«አለኝ» አልኩና አወጣሁት።

እናቴ ዘወር ብላ አየችው። የወረቀቱን ቀጭን ወገብ አየች። መልሳ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ቶሎ በይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለችኝ እናቴ።

መቀሱን ወደ ትከሻዋ ሳስጠጋ ትንፋሿን ያዘች። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ መቀስ ስይዝ ፈርታ አታውቅም ነበር።