ልጄ የለም

ደወሉ ሲጮህ መጋረጃ ሰፊዋ ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ብታይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ከጎኑ ደግሞ ሳጥን ያንጠለጠለች ሴትዮ። ማን ናችሁ ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በዚህ ጠዋት ሳጥን ይዞ የብስክሌት ተወዳዳሪ ቤት የሚደውል የአበረታች መድኃኒት መርማሪ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ እናቴ፤ ልጅዎን ፈልገን ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«ልጄ የለም» አለቻቸው፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ልጇ ከራሷ በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ትናንት ከውድድር ተመልሶ አልጋው ላይ ዘጭ ሲል ጫማውን ያወለቀችለት እሷ ናት።

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት እዚህ ቤት እገኛለሁ ብሎ ያስመዘገበው ራሱ ነው» አለ ሰውዬው።

«እንግዲህ ወጥቷል። ምን ላድርግ፣ ከኪሴ ላውጣው?»

ሰዓቱ እስኪያልቅ መኪናቸው ውስጥ ሆነው እንደሚጠብቁት ነገሯት። በሩን ዘጋች፣ የደወሉን ገመድ ነቀለች፣ በጫፍ እግሯ ፎቅ ወጥታ የልጇን ስልክ ከትራሱ ሥር ሳበችና አጥፍታ ከጨርቆቿ ክምር ሥር ደበቀችው። ከዚያ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቆማ አንዲት ኩባያ ስታጥብ፣ ያጠበቻትን ደግማ ስታጥብ፣ መኪናው ተነስቶ ሄደ። እሰይ አለች በሆዷ።

ይቺ ሴት ሞኝ አይደለችም። ሞኝ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ባሏም ብስክሌተኛ ነበር፤ አቀበት ላይ ማንም የማይደርስበት። በዚያን ጊዜ ብስክሌተኞቹ ደም የሚያወፍር መርፌ ይወጉ ነበር፤ ቀን ድካም የሚባል ነገር አያውቁም፣ ሌሊት ግን ልባቸው ያን ወፍራም ደም መግፋት ያቅተዋል። ስለዚህ ባሏ በውድቅት ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ በማቆሚያ ታስራ ባለችበት የምትሽከረከረውን ብስክሌት ይነዳል፤ ደሙ እንዳይቆምበት። እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የጎማውን ድምፅ ትሰማለች። ታውቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። አንድ ሌሊት ድምፁ ቀረ፤ ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሲነጋ ባሏን ቀዝቅዞ አገኘችው። ልጁ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር።

ያ ልጅ አድጎ የአባቱን ሙያ ያዘ፤ ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሺ ብላ ተቀበለች። ሰሞኑን ግን ጎህ ሳይቀድ ከዚያው ኮሪደር ያው ድምፅ መጣ። ልጇ ነው የሚነዳው። ተነስታ «ምን ሆንክ ልጄ?» ብትለው ምን ነበረበት? አፍ አላት፣ በሩ ቅርብ ነው። አልጠየቀችም። ብርድ ልብሷን ነክሳ እንደ ድሮው አዳመጠች፤ እንደ ድሮው ግን ዝም አልልም፣ የሆነ ነገር አደርጋለሁ ብላ ለራሷ ማለች። ያደረገችው እንግዲህ ይኼው ነው፦ ለልጇ መናገር ያቃታት ሴት ለመርማሪዎቹ ተናገረች።

ልጁ ዓይኑን እያሸ ሲወርድ ሻይ ቀድታ ጠበቀችው።

«አይዞህ፣ ሸኝቻቸዋለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

«እነማንን?»

«እነዚያን ባለሳጥኖች። ልጄ የለም አልኳቸው። አሁን የኔ ጌታ፣ የምትወስደውን ነገር አምጣውና አብረን እንድፋው። ማንም አይሰማም።»

ኩባያውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ በባዶ እግሩ እስከ መንገዱ ድረስ ሮጠ፤ መንገዱ ላይ ወፍ የለም። ስልኩን ከጨርቆቿ ክምር ሥር አውጥታ ሰጠችው። ደወለ። ከመርማሪዎቹ ቢሮ ሰዓቱ አልፏል አሉት።

«እማዬ፣ ሦስተኛዬ ነው» አላት፤ ድምፁ የሕፃን ሆኖ። አንዴ አውሮፕላን ዘግይቶበት፣ አንዴ አድራሻ መቀየሩን ሳያስታውቅ ቀርቶ መርማሪዎቹ አጥተውታል፤ ትጨነቃለች ብሎ አልነገራትም። በዓመት ውስጥ ሦስቴ የታጣ ሰው መድኃኒት እንደተገኘበት ሰው ነው የሚቀጣው።

«ታዲያ... ታዲያ ሌሊት ሌሊት ለምን ትነዳለህ?»

«እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ነዋ! የቡድኑ ሐኪም መድኃኒቱን ውሰድ አለኝ፤ አልወስድም አልኩት። እንግዲያው ውልህ አይታደስም አለኝ። ምን ልሁን? እንዴት ልተኛ?» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እንደ አባቴ አልሆንም ብዬ እኮ ነው እምቢ ያልኩት።»

መጋረጃ ሰፊዋ የምትቀመጥበት አጣች፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እሷ እንደሆነች ጥፋቷን አደባባይ ወጥታ ለመናገር አላመነታችም። ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ልጇ የያዘው ጠበቃ ቢሮ ሄዳ፣ «እኔ ነኝ የደበቅኩት፤ እሱ ተኝቶ ነበር፤ ወስደው እኔን ያስመስክሩኝ» አለችው። ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ በሐዘን አያት።

«እናቴ፣ ይህን ካሉ ሆን ብሎ ሸሸ ይባላል። ቅጣቱ እጥፍ ነው የሚሆንበት። ሳያውቅ እናቱ ደበቀችው ብሎ የሚያምን ማን አለ? እባክዎ ዝም ይበሉ።»

እንደገና ዝም በይ ተባለች። ልጁ «ተኝቼ ደወሉን አልሰማሁም፤ እናቴም የወጣሁ መስሏት ነው» ብሎ ለዳኞቹ ቃሉን ሲሰጥ እሷ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ምላሷን ውጣ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት አገዱት። ዳቦ ሻጩ ከመደርደሪያው በላይ ሰቅሎት የነበረውን የልጁን ፎቶ አወረደው፤ በቦታው የሚስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ጎረቤቶቿ ደግሞ «የአባቱ ልጅ!» ተባባሉ፤ ቀስ ብለው፣ ግን እሷ እንድትሰማ አድርገው። መልስ ነበራት። አፏ ላይ ያለው መልስ ልጇን የሚጎዳ ሆኖባት አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ልጁ አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቢጮህባት፣ ኩባያ ቢሰብር ይሻላት ነበር። «ደህና አደርሽ እማዬ» ይላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ቤቱ ውስጥ እንደ ጨዋ ተከራይ ሆነባት። ብስክሌቱን ሸጠ። ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚጭን ሆነ። ያቺ የታሰረች ብስክሌት ከኮሪደሩ ስትነሳ ጎማዋ ወለሉ ላይ ያኖረው ጥቁር መስመር ቀረ፤ መጋረጃ ሰፊዋ በሳሙና ብትፈትገው፣ በቢላ ብትፍቀው አልለቅ አላት። ሌሊት ነቅታ ድምፁን ትጠብቃለች። ምንም የለም፤ ልጇ ይተኛ አይተኛ እንኳን የምታውቅበት ነገር አልነበራትም።

ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ደወሉ ጮኸ። የታገደም ሰው ይመረመራል ለካ! ያው ሰውዬ፣ ያቺው ሴትዮ፣ ያው ሳጥን።

«አለ!» ብላ ጮኸች፣ በሩን እስከ ግድግዳው ከፍታ። «ልጄ አለ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!» ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

ልጁ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወረደ። አያቸውና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ውድድር ትቻለሁ። ልነግራችሁ ዛሬ ነገ ስል ነው የመጣችሁት።»

«ካቆምክማ ይህንኑ ፈርምልንና እንሂድ» አለች ሴትዮዋ። «አትገደድም።»

ብዕሩን ተቀበላት። ከዚያ እናቱን አያት፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ እንዲህ ዓይን ዓይኗን አይቷት አያውቅም። ብዕሩን መለሰ።

«አይ፣ ውሰዱ። መጀመሪያ ውሰዱና ከዚያ እፈርማለሁ።»

«ካቆምክ ምን ያደርግልሃል?»

«የምትፈልገው ሰው አለች።»

ከሰውዬው ጋር ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሲመለስ ሽንቱን የያዘውን ብልቃጥ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እናቱ ፊት አኖረው። ሴትዮዋ ለሁለት ቀዳችው፣ ክዳኑን አጥብቃ አሸገችው። መጋረጃ ሰፊዋ የልጇን ክንድ ያዘች።

«ልጄ፣ እኔ ይህን አልፈልግም። አምንሃለሁ። በእናትህ፣ አምንሃለሁ።»

«አውቃለሁ እማዬ» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያን ዕለት ብታምኚኝ ኖሮ በሩን ትከፍቺላቸው ነበር።»

መርማሪዎቹ ሳጥናቸውን ዘጉ። ልጁ ፈረመ፣ ምሳውን ከመደርደሪያው አነሳ፣ እናቱን ግንባሯን ሳማትና ወጣ። እሷ የተከፈተውን በር ይዛ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። አሁን ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው።