በአራት ቁጥር የጠጣው ክር

፩

«እንዶድ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ እትዬ አመለወርቅ፣ የእጃቸውን አረፋ በቀሚሳቸው እየጠረጉ።

ምናሴ ሰዓቱን አየ።

ዘጠኝ ከሩብ።


፪

ታሪኩ ከመሐሉ ተጀመረ። ከመጀመሪያው ቢጀመር ኖሮ አንተ እግርህን ዘርግተህ ታነበው ነበር፤ ምናሴ ግን እግር የሚዘረጋበት ጊዜ የለውም። መጀመሪያው በአጭሩ ይኸው፦

ምናሴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከጳውሎስ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ይኖራል። ስልክ ይጠግናል። ሥራ ሲጠፋ፣ አንዳንዴም ሥራው ፊቱ ተቆልሎ እያለ፣ በመስኮት እያየ ያልማል። ጳውሎስ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከጨንቻ ደጋ ፖም ጭኖ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። እትዬ አመለወርቅ አከራያቸው ናቸው፤ ጥጥ ይፈትላሉ፣ የሰፈሩን ጋቢ ያጥባሉ።

ሰው ይኸው ነው። ሌላ የሚመጣው አንድ የፖም መጋዘን ጠባቂ ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ።


፫

ደረት።

ምናሴ አስም አለበት። ጳውሎስ ደግሞ ያጨስ ነበር፤ በቀን አንድ ፓኮ፣ ጭነት በበዛበት ቀን አንድ ተኩል። ባለፈው ክረምት ምናሴ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ። በሁለተኛው ቀን ጳውሎስ አልጋው አጠገብ እንደቆመ ፓኮውን ከኪሱ አወጣና ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለው። ሲጋራ በዚያው ቀረ።

እጁ ግን አልተወም። ቁልቁለት ላይ ጣቶቹ የለመዱትን ይፈልጋሉ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ጓደኛው ቬፕ ሰጠው፤ ያ በባትሪ ሽቦ እያጋለ ፈሳሽ የሚያተን፣ እንፋሎቱ የሚሳብ ዕቃ። ቤት ውስጥ አይስበውም። ጋቢናው ውስጥ ትቶት ይገባል፤ እጁንና አፉን ታጥቦ ነው ምናሴ አጠገብ የሚቀመጠው።

ከሆስፒታሉ ወዲህ ሲደውልም፣ ሲደወልለትም ሰላምታ የለው፣ «ሄሎ» የለው። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው፦

«ደረትህ እንዴት ነው?»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዛት። በኋላ ትፈልጋታለህ።


፬

ክሩ።

ቬፑ ውስጥ፣ በተጠመዘዘችው ሽቦ መሐል፣ ቁራጭ ጥጥ አለ። ሥራው የኩራዝ ክር ሥራ ነው፤ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ለሽቦዋ ያቀብላል። ካልጠጣ ይነድዳል፤ የነደደው ጉሮሮ ይልጣል። አብሮት የመጣው ጥጥ አለቀ። ሲቀላም፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻም የሚሸጥ የለም፤ ዕቃው ራሱ በይፋ አይሸጥም።

«አንተ አትሠራልኝም?» አለ ጳውሎስ። «ስልክ ከሞት የምታስነሣ ሰውዬ!»

«ስልክ አይሳብም።»

«እሱስ ልክ ነህ። ቢሳብ ኖሮ ደንበኛ አታጣም ነበር።»

ሳቁ። ጳውሎስ ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። መስኮቱን እያየ፣ «እውነቴን ነው ምናሴ» አለ። «ትናንት እላይ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ፍሬ ሲጋራ ብቻ ልል ነበር።»

ምናሴ ያን ዕለት ደብተር ገዛ።


፭

ከደብተሩ፦

አለካክ፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ አምስት ጠብታ። የክሩን ጫፍ ንከር። ፈሳሹ ጥፍር የሚያህል እስኪወጣ ቁጠር።

የፋርማሲ ጥጥ። ዘጠኝ። በሁለተኛው ቀን ያርራል። የጳውሎስ አስተያየት፦ «መርፌ ቤት መርፌ ቤት ይላል።»

የእትዬ አመለወርቅ ጥጥ፣ ሳይፈተል። አሥራ አራት። የጳውሎስ አስተያየት፦ «ጋቢዬ እሳት ላይ ወደቀ።»

ሐር፣ ከትል አርቢዎቹ ግቢ የተለመነ። ሰባት። ሲግል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጎረቤት «ማን ነው ፀጉሩን የጠበሰው?» እያለች መጣች።

የቀርከሃ ጭረት። አይጠጣም። ይኮራል።

የበቆሎ ፀጉር። የምጽፈው የለኝም። ጳውሎስ እስካሁን ይስቅብኛል።

የእንሰት ቃጫ፣ ከልቡ የወጣው ቀጭኑ፣ ሁለት ጊዜ የተቀቀለ። ስድሳ ድረስ ቆጠርኩ። ወይ ፍንክች።

የእንሰት ቃጫ፣ ያው ራሱ፣ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ከዋለ በኋላ።

አራት።

አራት!!

ምክንያቱ፦ ትዕግሥት።


፮

«ትዕግሥት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ያን ምሽት አልጋው ላይ ተጋድሞ ሩቅ ሄደ፤ የእንሰት ቃጫ በትንንሽ ካርቶን ታሽጎ፣ ካርቶኑ ላይ ስሙ ተጽፎ፣ በአውሮፕላን ሲጫን አየ። ሰውን ሁሉ ከሲጋራ ያስጣለ ክር። ወንድሙን ያስጣለ ክር ቢባልም ይበቃው ነበር።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ምናሴ በደረቱ ምክንያት መቅመስ አይችልም፤ ስለዚህ አዲስ ክር በገባ ቁጥር ጳውሎስ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ በቁሙ አንድ ጊዜ ይስባል። ምናሴ ከሩቅ ፊቱን ያነባል። ያላለፈ ክር መኪና ላይ አይወጣም።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፦

«አንዴ ሳበው፣ ልይህ።»

«ጭነት ይጠብቀኛል ባክህ። ጫፉ ላይ እስበዋለሁ።»

«ደንባችንስ?»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ የምሽረውም እኔ። በአራት ጠጣ አላልከኝም?»

«በአራት።»

«እንግዲያው!» አለና የምናሴን ጭንቅላት ዳበስ አድርጎት ወጣ።


፯

ጫፉ።

ከደጋው ሲመጣ፣ መንገዱ ቁልቁል ከመታጠፉ በፊት፣ መኪና የሚያስቆም ትንሽ ሜዳ አለ። ሁለቱም የአርባ ምንጭ ሐይቆች ከዚያ ይታያሉ። ጳውሎስ ሁልጊዜ እዚያ ይቆማል። ሦስት ነገር ያደርጋል።

ፍሬን ያያል።

ስልኩን ይከፍታል። (ጭነት ላይ ይዘጋዋል፤ ደላሎች ስለማይለቁት።)

ቬፑን ያወጣል።

ምናሴ ሦስቱንም ያውቃል። የትኛው እንደሚቀድም ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እጥፋት በእጥፋት ላይ ነው። በአንድ በኩል ገደል። ጭነት የያዘ አይሱዙ፤ መሪው ላይ ሳል ያጣደፈው ሾፌር፣ ዓይኑን እንባ የጋረደው ሾፌር፣ ቀጥሎ ያለውን እጥፋት

ይህ ዓረፍተ ነገር አላለቀም። ምናሴም መጨረስ አልቻለም።


፰

አሁን ወደ ግቢው። ዘጠኝ ከሩብ።

ምናሴ ሁለተኛ ጭብጥ ቃጫ ሊዘፈዝፍ ሳህን ይዞ ወጥቶ ነበር። እትዬ አመለወርቅ ሳፋ ላይ አጎንብሰው ጋቢ ያሻሉ። ቀና ብለው ሳህኑን አዩና ፈገግ አሉ።

«የትናንቱ አማረልህ አይደል? በል ይኼንንም አምጣው።»

«የትናንቱ ምኑ?»

«ያ ቃጫህ! በሳህን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ሄደህ የለ። ጠቁሮ አየሁት፣ አሳዘነኝ። ከጋቢው ጋር አሸት አሸት አደረግሁልህ። ወተት አልመሰለም?»

«በምን? በምን አሹት?»

መልሳቸውን መጀመሪያ ላይ አንብበኸዋል።

«ሳሙናማ ጋቢ ይበላል ልጄ። እንዶድ ነው የሚያነጣ።»

«አለቀለቁት?»

«ጋቢውን ሦስት ውሃ…»

«ክሩን! ክሩን እትዬ!»

«እሷማ ጭብጥ እንኳ አትሞላ። ጨምቄ ሳህንህ ላይ መለስኳት፣ ንጹሕ ውሃም ጨመርኩላት።» ፊቱን አዩት። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ምናሴ ምንም አላጠፉም ሊላቸው ፈለገ። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቃጫ ውሃ የማይወድ ነገር መሆኑን ደብተሩ ነግሮት ነበር፤ ስድሳ ቆጥሮ አይቷል። ያው ቃጫ በማግስቱ በአራት ሲጠጣ «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። የጠጣው ቃጫው አልነበረም።

አረፋው ነበር።


፱

ስለ እንዶድ።

ሲወቀጥ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ምናሴ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብሎ አሽትቶት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስና ሲያስል ዋለ፤ ዓይኑ አብጦ ተዘጋ። አዝሎት ወደ ቧንቧ የሮጠው ጳውሎስ ነው።

ያ እንኳ ያልጋለ እንዶድ ነው። በሽቦ ግሎ እስከ ሳንባ የወረደ እንዶድ ምን እንደሚያደርግ ምናሴ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው አጋጥሞትም አያውቅም።


፲

የስልክ ንግግር፣ ዘጠኝ ከሃያ። የመጋዘን ጠባቂው ስም ኦይቻ ነው።

ምናሴ፦ ሄሎ! ጋሽ ኦይቻ!

ኦይቻ፦ አቤት። ማን ልበል?

ምናሴ፦ ምናሴ ነኝ፣ የጳውሎስ ወንድም…

ኦይቻ፦ አንተ! እንዴት ነህ? ጤናህስ? ደረትህ ተሻለህ?

ምናሴ፦ ደህና ነኝ። ጋሽ ኦይቻ፣ እባክዎ…

ኦይቻ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እታች ሙቀቱ እንዴት አደረጋችሁ? እኛን ጉም ውጦናል።

ምናሴ፦ ጳውሎስ አለ?

ኦይቻ፦ የቱ ጳውሎስ?

ምናሴ፦ ወንድሜ!

ኦይቻ፦ እሱማ ሄደኮ! ሻይ ጠጣ ብለው እምቢ አለኝ። «ጫፉ ላይ የምሞክራት ነገር አለችኝ፣ ወንድሜ የሠራት» ብሎ ኪሱን መታ መታ አደረገ። ሲኮራ ብታየው!

ምናሴ፦ ስንት ደቂቃ ሆነው?

ኦይቻ፦ ስንት ልበልህ… ጉሙ ውስጥ ገባ። አሥር? አሥራ አምስት? ምነው፣ ደህና?

ምናሴ፦

ኦይቻ፦ ሄሎ? ምናሴ? ትንፋሽህ ይሰማኛል።


፲፩

ከመጋዘኑ እስከ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ነው። ጉም ካለ ሃያ አምስት።

ባጃጅ ያንን ዳገት ሳይወጣ ይመሻል። እትዬ አመለወርቅ ግን በእንዶድ እጃቸው መንገድ ወጥተው ባጃጅ እያስቆሙ ነው፤ ለምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባቸው።

ደወለ። ድምፅዋ የተቀዳው ሴት፣ የጳውሎስ ስልክ ዝግ ነው አለችው።

ደወለ።

ዝግ።

ደወለ።

ዝግ።

አንተም ከዚህ ላይ ቶሎ አትለፍ። ነጩን ቦታ እያየህ ቆይ፤ እሱም እንዲሁ ነው የቆየው።



ዝግ።



ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። የአስም ማስታገሻው ቤት ውስጥ፣ ደብተሩ ላይ ተቀምጧል። አሥር እርምጃ። አልሄደም፤ ስልኩ ግቢው መሐል ላይ ነው በደንብ የሚይዘው።

ልመናው አንድ ብቻ ነበር። ስልኩን ያስቀድም። ፍሬን ያሻውን ይሁን፤ ብቻ ከቬፑ ስልኩን ያስቀድም።


፲፪

ጠራ።

ዝግ አላለችም። ጠራ! ተከፍቷል። ጫፉ ላይ ደርሷል።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

አራተኛው ላይ ተነሣ።

«ጳውሌ! አትሳበው! እንዶድ ነው፣ አትሳበው! ሰማኸኝ?»

ነፋስ። ሞተር። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነው ወይስ ቁልቁል የጀመረ? የስልክ ድምፅ በመስማት የሚተዳደረው ጆሮው መለየት አቃተው።

ጠበቀ። ሁልጊዜ የምትመጣውን ሦስት ቃል ጠበቀ። የመጀመሪያዋ ቃል እንኳ ብትመጣ፤ ድምፁን ብቻ።

አልመጣችም።

የምናሴ ትንፋሽ ሲያፏጭ ለራሱ ይሰማዋል። እትዬ አመለወርቅ ከበሩ ላይ ባጃጁን ይዘው ይጠሩታል፤ አልዞረም። ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ደገፈውና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሱ ጠየቀ።

«ደረትህ እንዴት ነው?»


፲፫

ከደብተሩ፣ የመጨረሻው መስመር፦

የእንሰት ቃጫ፣ በእንዶድ የታጠበ። አራት። ምክንያቱ፦ ትዕግሥት (ተሰርዟል)። የጳውሎስ አስተያየት፦ «