ጃንጥላና ብስኩት

እማማ ምላጭ ብለው የሰየሟት የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው፤ ወረፋ የጣሰውን ሁሉ በምላሷ ስለምትላጭ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክላ ብስኩት፣ ከረሜላና በላስቲክ የታሸገ ቀይ ውሃ ስትሸጥ ፀጉሯ ሸበተ። አንድ ልጇን ያሳደገችውም፣ ያስተማረችውም፣ ለከረባት ያበቃችውም ከዚያ ጃንጥላ ሥር ሆና ነው። ልጇ ዛሬ የአገሩ የሥነ ምግብ ፖሊሲ አማካሪ ነው። ምን ማለት ነው ብሎ ለጠየቃት፣ "ሚኒስትሩ ምን መብላት እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነው" ትላለች።

ታዲያ ይኸው ልጅ ምን ቢመክር ጥሩ ነው? በትምህርት ቤት በር ላይ ብስኩት፣ ከረሜላና ባለቀለም ውሃ እንዳይሸጥ። እሷ የሰማችው ከሬዲዮ ነው። እሁድ ለምሳ ሲመጣ ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ቆመችበት። ልጆቹ በጣፋጭ ሆዳቸውን ሞልተው ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፉ፣ ጥርሳቸው እንደሚበሰብስ አስረዳት። የእናቴ ጃንጥላ ብቻ አይነካ ማለት እንደማይችልም ነገራት።

"ያሳደገህን ጃንጥላ ልታጥፍ ነው" አለችው።

አቀርቅሮ በላ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ ስለምታውቅ አልለመነችውም።

የክልከላው ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይምከርበት ተባለ። በየትምህርት ቤቱ በር የሚሸጡት ሁሉ እማማ ምላጭን ወከሉ። ከጎኗ የሚሸጠው ባለ ከረሜላ፣ እናትየው ስትናገር ልጅየው ምን አፍ አለው፣ አለቀለት፣ እያለ እጁን አፋተገ። የምትለውንም አስጠኗት፦ ድሆች ነን፣ ብስኩት ሰው አልገደለም፣ የእኛም ልጆች በልተውት አድገዋል። እሷ ግን ንግግር የሚያጠናው ሐሳብ የሌለው ሰው ነው ብላ ግማሹን አልሰማቻቸውም።

አዳራሹ ውስጥ ልጇ ከትልልቆቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከረባቱ ተንጋዷል፤ ተነስታ ልታቃናለት ምንም አልቀራትም። ማይክራፎኑን ሲሰጧት አሳምራ ጀመረች። ጃንጥላው ሲታጠፍ ስንት ቤት እንደሚዘጋ ተናገረች። ልጅ ብስኩት የሚገዛው ቤቱ የሚበላው ሲያጣ ነው፣ ምሳ የሚያበላው ፖሊሲ የት ተኝቷል፣ ብላ ጠየቀች። አዳራሹ አጨበጨበ። ባለ ከረሜላው ከደስታው የተነሳ ወንበሩን ሊሰብር ደረሰ።

ያን ጊዜ ልጇ ማይክራፎኑን ወደ ራሱ ሳበ።

"እናቴ፣ ለመሆኑ እርስዎ ልጅዎን ያሳደጉት በዚሁ ብስኩት ነው?"

ከተወለደ ጀምሮ እርስዎ ብሏት አያውቅም። ጥያቄው ደግሞ ከዚያ ብሶ ቆጠቆጣት።

"ልጄን ነው?" አለች። "ልጄ ሊበላው ቀርቶ አሽትቶት አያውቅም። እንቁላልና ባቄላ እየቀቀልኩ ነው ያሳደግሁት። አንድ ቀን እጁን ሳጥኑ ውስጥ ሲከት አግኝቼው ጆሮው እስኪቀላ ጎትቼዋለሁ። ይሄ ለሽያጭ ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ይብላው አልኩት።"

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለባት። ያደነቋት መስሏት አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ቆይታ ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡትን እናቶች አየች። አንደኛዋ ጠዋት ጠዋት የልጇን እጅ ይዛ ከእሷ ብስኩት የምትገዛ ናት። ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አነሳች፤ ቀና ስትልም ወደ እማማ ምላጭ አልተመለከተችም።

ረቂቁ አለፈ። ብስኩቱ ከሰኞ ጀምሮ ይከልከል፣ ምሳው ደግሞ ወደፊት ይጠና ተባለ።

በአዳራሹ በር ላይ ባለ ከረሜላው ጠበቃት። "እማማ፣ ምላጩ ዛሬ የያዘውን እጅ ቆረጠ" አላት። አልፋው ጃንጥላዋን ልታጥፍ ሄደች።

አመሻሽ ላይ ልጇ ሲመጣ ጃንጥላው ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"አውቀህ ነው የጠየቅኸኝ።"

"እንደማትዋሺ ስለማውቅ ነው፣ እማዬ።"

ብዙ የምትለው ነበራት፤ ያቺ ሴት ቦርሳዋን ስታነሳ በሐሳቧ ታየቻትና ተወችው። ሳጥኑን ከፍታ አንድ ብስኩት ፊቱ አስቀመጠች።

"ብላ። ከእንግዲህ ለሽያጭ አይደለም።"

የአገሩ አማካሪ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ላስቲኩን ቀደደ። ፍርፋሪው ከረባቱ ላይ ተንጠባጠበ። እንዴት ነው ብትለው፣ አፍሮ፣ "ይጣፍጣል" አላት።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች።

ሁለተኛውን ሊያነሳ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ሲከት ጆሮውን ያዘችው። ግን አልጎተተችውም።