ቁጥሩ የተፋቀው ሽጉጥ

በ1970 ዓ.ም. ሞጣ ላይ የድሮ ሽጉጥ ዋጋ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተኩሼ ግን አላውቅም። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት በተቀጠርኩ በወሩ፣ አለቃችን ሻምበሉ አንድ ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለና «ምሁር፣ ይኼን አንብበህ ንገረኝ» አለኝ። የጥንት የጦር ሽጉጥ ይሰበስብ ነበር፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ዐሥራ አንድ ሰቅሏል። ምሳ ሰዓት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሥዕሎቹን ሳይ፣ ብረቱን የሞረደውን የሩቅ አገር ሠራተኛ፣ የመስኮቱን ብርሃን፣ እየሠራ የሚያፏጨውን ዜማ ሳይቀር አስብ ነበር። ሽጉጦቹ ከማን ቤት እንደመጡ አላስብም።

አንድ ማክሰኞ ይርጋነሽ የምትባል ሴት ከቢቸና መጣች። ባሏ ገላው መሣሪያ ደብቋል ተብሎ ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሻምበሉ «እውነተኛ የጣልያን መኮንን ሽጉጥ ከሆነ አምጪና ባልሽን ውሰጂ» ብሎ ልኮባታል። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

አገላብጬ አየሁት። እጀታው፣ ቀለሙ፣ ምላጩ፣ ሁሉም የራሱ ነው። ቁጥሩ መኖር የሚገባበት አፈሙዙ ሥር ግን ተፍቋል።

«ምን ሆኖ ነው፣ እህቴ?»

«መሣሪያ ይመዝገብ የተባለ ጊዜ ገላው በሞረድ ፋቀው። ቁጥር ከሌለው የማን እንደሆነ አይታወቅም ብሎ። ሳምንት ሙሉ ጓሮ ተቀምጦ ሲሞርድ ከረመ፣ ጅል!»

ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ይባስ ብሎ የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥቷል። አንድ ጥይት ቢተኮስበት ተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል። ቀና ስል ይርጋነሽ አፍ አፌን ታያለች።

ሻምበሉ ገባ። «እህሳ፣ ምሁር?»

«ብርቅ ነው፣ ጓድ ሻምበል። ለጄኔራሎች ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቁጥር አይመታበትም። በዓለም ላይ ሃያ ቢገኝ ነው።»

ሻምበሉ ሳቀ። «ሰማሽ? የጄኔራል ሽጉጥ ይዘሽ ነው ለካ!»

«ባሌን ይስጡኝ፣ ጌታዬ።»

«አምጡት!»

ገላውን ጎትተው አመጡት። ውስጥ እግሩ በግርፋት ተተልትሎ በጉልበቱ ነበር የሚሄደው። ሚስቱን ሲያይ ፈገግ አለ፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

«ይርጌ፣ በሬዎቹን ማን ያዘልሽ?»

ሻምበሉ የገላውን ሽጉጥ ጥይት አጎረሰው። «የጄኔራል ሽጉጥ የደበቀ ገበሬ፣ ገበሬ ብቻ አይደለም። ከጄኔራሎች ጋር የሚዶልት ፀረ አብዮት ነው!» ብሎ ግንባሩ ላይ ደገነበት። ይርጋነሽ ሻምበሉ እግር ላይ ስትወድቅ በቡትስ ጫማው አፏን መታት። ደም ተፋች።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ስንጥቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ግን ጣቱ ምላጩ ላይ ሲታጠፍ አየሁና ሻምበሉን ሁልጊዜ የሚያስቆመው የዋጋ ነገር ከአፌ አመለጠ።

«ጓድ ሻምበል፣ ከተተኮሰ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል!»

ቆመ። ሽጉጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው።

«እውነትህን ነው» አለ።

ጥይቱን አወጣ፤ ሽጉጡን በይርጋነሽ ነጠላ መልሶ ጠቀለለና እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከዚያ የወገቡን ማካሮቭ ሽጉጥ መዞ ገላውን ግንባሩን አለው።

የይርጋነሽ ጩኸት አልተሰማኝም፤ ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር። ገላው ፊቱን ወደ እሷ እንዳዞረ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ደሙ የመጽሐፉ ገጾች ላይ ተረጭቷል።

«ዐሥራ ሁለተኛ አድርገህ ስቀለው» አለኝ ሻምበሉ፣ በመሐረብ እጁን እየጠረገ።

እጁን አየሁት። አምስቱም ጣቶቹ ደህና ነበሩ።