የልብስ ሰፊው ሙዝ

«እንግዳ ሳያየው ልጣለው።»

እናትየው ሙዙን ከፍሪጁ አናት ላይ አውርዳ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት አመራች። አባቷን የቀበሩት ትናንት ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ እሷ ግን ወንበር ይሰበራል፣ ሻይ ያልቃል፣ አንዱ ሆዱን ይታመምብኛል እያለች ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። ሙዙ ደግሞ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ ወሮታል።

ልጇ እጇን ያዘቻት። «ቆይ እማ፣ የአያቴ ነው እኮ።»

«የማንም ይሁን፣ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። ተጽፎበት ነው።»

አያትየው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከኮቱ ኮሌታ ላይ ስፒል ጠፍታ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ምሳ ዕቃ ሲያዘጋጅ፣ የሙዙን ልጣጭ በስፒሏ ጫፍ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ያኔ ምንም አይታይም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን የተወጋው ሁሉ ይጠቁርና ሥዕል ይወጣዋል፤ ባርኔጣ የደፋ ድንች፣ ራሱን ልጦ የሚያለቅስ ሽንኩርት። ከሥሩ ሦስት አጫጭር ስንኞች አሉ። «ሃይኩ ይባላል፣ የጃፓኖች ነው» ብሏታል ለልጅቷ፤ «አምስት ፊደል፣ ሰባት ፊደል፣ አምስት ፊደል። ከዚያ ዝም ማለት ነው።»

እናትየው ይህን አታውቅም። በሞተበት ዕለት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አይታው፣ «አባባ፣ ምን እያደረግክ ነው?» ብላው ነበር።

«ሙዝ እየከተብኩ።»

ስፒሏ ዝጋ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል፣ እሱ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ቀረ።

ልጅቷ ሙዙን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ሁለት እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ የጫነች ሴት ተስላበታለች። ከሥሯ፦

ሙዝ ጠቆረ፣
ዶክተር ጠራች፣
ጣፍጦ ሳለ።

«ውይ፣ ቁርጥ አንቺን!» አለች ብርጭቆ ልትወስድ የገባችው የእናትየው ታናሽ እህት፤ ሳቋ አምልጧት ሙዙን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። ሙዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከአባቷ ጋር አርባ ዓመት የሰፉት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡትና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ይኼ ሰውዬ ሞቶም አላረፈም» አሉ።

ሐዘን ቤት ተሳቀ፣ ሰው ምን ይለናል ስትል የነበረችው እናት፣ ከሁሉም በላይ ስትስቅ ራሷን አገኘችው።

«ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጠው፣ እማ?»

«ሙዝ አይደለም እንዴ? ይበላል እንጂ» አለችና ላጠችው። ነጠብጣብ ያለበት ሙዝ በልታ አታውቅም። ጣፍጧል።

ማምሻውን፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው ኮት ኮሌታ ላይ ስፒሏን ነቀለች። ለማንኛውም ብላ በውሃ ቀቀለቻት። ከዚያ ያልተነካ ሙዝ መረጠች፤ በጣቷ እየቆጠረች፣ ቀስ እያለች ጠቅ ጠቅ አደረገችው።

ምንም አልታየም። በልጇ ምሳ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣ ክዳኑን ገጠመችው።